ርካሽ የሸክላ ማጫወቻን ድምፅ ማሻሻል፤ ከየት ይጀመራል?

የሸክላ ማጫወቻ ሥራው በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። እነዚህም ሸክላውን በእኩል ፍጥነት የሚያሽከረክረው ሞተር፣ መርፌውን የሚሸከመው ክንድ እና የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ካርትሪጅ ናቸው። ዋጋው ዝቅ ያለ ማጫወቻ ከውዱ የሚለየው በእነዚሁ ጥራት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ድምፁን የሚያበላሸው የመሣሪያው ርካሽነት ሳይሆን በአግባቡ አለመስተካከሉ ነው። በመሆኑም ማሻሻያው አዲስ ዕቃ ከመግዛት ሳይሆን ያለውን ከማስተካከል መጀመር ይኖርበታል።

ነገሩ ከጆሮ ደስታም ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአምሃ እሸቴ የተመሠረተው አምሃ ሬከርድስ፣ እንዲሁም ካይፋ ሬከርድስ ያሳተሟቸው ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ዛሬም በአንዳንድ ቤቶች ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። ከዘፈኖቹ ከፊሎቹ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ በወጣው “ኢትዮፒክስ” በተሰኘው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ዳግም ለአድማጭ ቀርበዋል። ዳግም ያልታተሙትን ለመስማት ግን ብዙ ጊዜ ያለው መንገድ ሸክላው ራሱ ነው። ያልተስተካከለ መርፌ ደግሞ ሸክላን ይፍቃል፤ አንዴ የተፋቀ ትልም የሚመለስበት መንገድ የለም።

ትልም የሚለው ቃል የእርሻ ቃል ቢሆንም እዚህም ቦታውን አይስትም። በትልቁ ባለ 12 ኢንች ሸክላ አንድ ገጽ ላይ ለ20 ደቂቃ የሚጫወተው ትልም ተዘርግቶ ቢለካ ከ400 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን ከፀጉር ውፍረት ያንሳል። መርፌው በውጭኛው ጠርዝ ላይ ሳለ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ትልም ሥሩ ያልፋል። ወደ መሐሉ ሲቃረብ ይህ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ያው ድምፅ በጠበበ ቦታ ስለሚታጨቅ፣ በሸክላው መጨረሻ ላይ ያሉ ዘፈኖች ከሁሉ ቀድመው የሚንሻረሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የማጫወቻው ማረፊያ ነው። ጠረጴዛው የማይወዛወዝ መሆን አለበት፤ ስፒከሮቹም በዚያው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። የስፒከሩ ንዝረት በእንጨቱ በኩል ወደ መርፌው ተመልሶ የጎረነነ ጉርምርምታ ይፈጥራልና። ግንበኛ የሚጠቀምበትን ውሃ ልክ በሸክላ ማስቀመጫው ሳህን ላይ አስቀምጦ በሁለቱም አቅጣጫ ማስተካከል ይገባል። ከማጫወቻው ሥር ከባድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከድንጋዩም ሥር ወፍራም ጎማ ማድረግ የእግርን ርምጃ ንዝረት በእጅጉ ይቀንሳል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ውድ ማረፊያ መግዛት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ይፈተሻል። በሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ የወረቀት ምልክት ለጥፎ በ33⅓ ፍጥነት ለ3 ደቂቃ ዙሩን መቁጠር በቂ ነው፤ በትክክል 100 ዙር መሆን አለበት። 83 ዙር አካባቢ ከመጣ ምክንያቱ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፤ ማጫወቻው ከአሜሪካ የመጣ ነው። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ሞገድ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ በኢትዮጵያ የሚመላለሰው 50 ጊዜ ነው። ብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች ደግሞ ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከዚሁ ምልልስ ነው። ከወዲያ ማዶ ያለ ዘመድ የላከውን ማጫወቻ የሚቀበል ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ቮልቴጅ ነውና ትራንስፎርመር ይገዛል። ትራንስፎርመር ግን 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ምልልሱን አይለውጥም። መሣሪያው ሳይቃጠል ይሠራል፤ ዘፋኙ ግን እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎትታል። መፍትሔው በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ፑሊ ለ50 ሄርዝ በተሠራ መተካት ሲሆን፣ አዲሱ ፑሊ በዲያሜትር ከቀድሞው በ1.2 እጥፍ ይሰፋል። በአስማሚ ኃይል በሚያገኝ የዲሲ ሞተር የሚሠሩ አዳዲስ ማጫወቻዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ አስማሚው ላይ “100-240 ቮልት” የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት ይበቃል። በጄኔሬተር በሚጠቀሙ አካባቢዎችም ምልልሱ እንደ ጭነቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል የቆየ ማጫወቻ ድምፁ ይዋልላል፤ ይህንን ስታቢላይዘር አያርመውም።

አሜሪካዊ ላልሆነ ማጫወቻ የፍጥነት መዛባት ዋናው መነሻ ቺንጋው ነው። የላላ ወይም የተሰነጠቀ ቺንጋ መለወጥ አለበት፤ ገና ደህና ከሆነ ግን ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ሲደርቅ በደንብ ይይዛል። ፑሊውን በአልኮል መጥረግ፣ ሳህኑ በሚዞርበት ዘንግ ላይም አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ ያስፈልጋል። የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ስለሚሙለጨለጭና ስለሚደርቅ ፈጽሞ አይደረግም። ይህ ሁሉ ከመሠራቱ በፊት ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል።

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከመርፌው ነው። መርፌው በሸክላው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት በአምራቹ የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ በዝቅተኛ ዋጋ ከሚታወቁት አንዱ የሆነው የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም 95 ኢ ካርትሪጅ የሚፈልገው 2 ግራም ነው። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት እጅግ ርካሽ ማጫወቻዎች ግን በሴራሚክ ካርትሪጅ የሚሠሩ ሲሆን ጫናቸው ከ5 ግራም ሊያልፍ ይችላል፤ አብዛኞቹም ማስተካከያ የላቸውም። በእነዚህ ላይ ማሻሻያ መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው። ብርቅ ሸክላ ያለው ሰው ሊያደርግ የሚገባው በክንዱ ኋላ የሚዞር ክብደት ያለውንና ካርትሪጁ የሚቀየር ማጫወቻ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ መፈለግ ነው።

ክብደቱን ለመለካት ወርቅ የሚመዘንበት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይሆናል። ሚዛኑ ከሸክላው ከፍታ ጋር እኩል ሆኖ መርፌው በዝግታ ይወርድበታል። የሚዛኑ ሳህን ማግኔት የሚስበው ብረት ከሆነ የካርትሪጁ ማግኔት ንባቡን ስለሚያዛባ ፕላስቲክ ይመረጣል። መርፌው የሚዘል ከሆነ በክንዱ ጫፍ ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ይህ ሸክላን ከሚጎዱ ልማዶች ሁሉ የከፋው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመጠን በላይ ማቅለልም ቢሆን አይረዳም፤ የቀለለ መርፌ በትልሙ ግድግዳዎች መካከል እየተንገጫገጨ ይቧጭራል። ጥልቀቱ ያልተስተካከለ ማረሻ የሚያደርገውን ያስታውሷል።

ክብደቱ ከተስተካከለ በኋላ አቅጣጫው ይታያል። ክንዱ በአንድ ምሰሶ ላይ ስለሚዞር መርፌው ከትልሙ ጋር ፍጹም የሚገጥመው በሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። በብዙዎች ዘንድ በሚሠራበት ስሌት እነዚህ ነጥቦች ከሸክላው መሐል በ66 እና በ120.9 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛሉ። መለኪያው በወረቀት ታትሞ በሳህኑ ላይ ይደረጋል፤ ካርትሪጁን የያዙት ሁለት ቪቴዎች ላላ ተደርገው ካርትሪጁ በሁለቱም ነጥቦች ላይ ከመስመሩ ጋር እስኪገጥም ወደፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። ወረቀቱ ሲታተም ኮምፒውተሩ መጠኑን እንዳያሳንሰው በማስመሪያ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ከሰዓት ሊፈጅም ይችላል። በሸክላው መጨረሻ ላይ ያለውን መንሻረር ከሁሉ በላይ የሚቀንሰው ግን ይኸው ነው።

መርፌ መቀየር ካስፈለገም ሙሉ ካርትሪጅ መግዛት ግዴታ አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው የቪኤም 95 ቤተሰብ ውስጥ የፊተኛው የመርፌ ክፍል ብቻ ተነቅሎ በሌላ ይተካል፤ በመሆኑም በሾጣጣው ጀምሮ አቅም ሲፈቅድ ወደ ኤሊፕቲካሉ፣ ከዚያም ወደ ረቂቁ ማይክሮላይን ማደግ ይቻላል። አምራቹ ለሾጣጣው 500፣ ለኤሊፕቲካሉ 300፣ ለማይክሮላይኑ 1000 ሰዓት ያህል ዕድሜ ይሰጣል። በቀን አንድ ሰዓት የሚያደምጥ ሰው ኤሊፕቲካሉን ከዓመት በታች ይጨርሰዋል ማለት ነው። ያገለገለ ማጫወቻ የገዛ ሰውም መርፌው ስንት ሰዓት እንደሠራ ማወቅ ስለማይችል በመጀመሪያ ሊለውጠው የሚገባው እርሱን ነው።

የማጫወቻውን አካል መነካካት የሚቀጥለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ርካሽ ማጫወቻ ሣጥኑ ባዶና ቀላል ፕላስቲክ፣ ሳህኑም ስስ ብረት በመሆኑ እንደ ደወል ያስተጋባል። በሣጥኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ የልጆች መጫወቻ ፕላስቲሲን በስሱ መለጠፍ ይህንን ያፍናል። ሞተሩን፣ ሽቦዎቹንና የክንዱን መንቀሳቀሻ ግን መንካት የለበትም። በሳህኑ ላይ የሚነጠፈው ምንጣፍ ወፍራም በሆነ ቁጥር ክንዱ ከፊት ስለሚነሣ፣ ከፍታው በማይስተካከል ክንድ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ባይጨመር ይመረጣል።

በመጨረሻ ምልክቱ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄድበት መንገድ አለ። ሸክላ ሲቀረጽ ጎርናናው ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ከፍ ተደርጎ ነው፤ ሲደመጥ ይህን የሚመልሰው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ክፍል ነው። ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች በውስጣቸው አላቸው፤ ጥራቱ ግን ዝቅተኛ ሊሆን ስለሚችል በማብሪያ ማጥፊያው አጥፍቶ የተሻለ የውጭ ፕሪአምፕ መጠቀም ይቻላል። ሁለቱን በአንድ ላይ ማብራት ግን ድምፁን ያፈነዳዋል። የማያቋርጥ “እምም” የሚል ድምፅ ከተሰማ ከማጫወቻው ጀርባ የሚወጣው ቀጭን የመሬት ሽቦ በአምፕሊፋየሩ ወይም በፕሪአምፑ ላይ ባለው ቪቴ ሥር መታሰሩን ማየት ያስፈልጋል። በሞኖ የተቀረጹ የቆዩ ሸክላዎችን ለሚያደምጥም አምፕሊፋየሩ ላይ “ሞኖ” የሚል ቁልፍ ካለ እርሱን መጫን የጭረቱን ጫጫታ በግልጽ ይቀንሳል።