ቨርቹዋላይዜሽን ከበራ በኋላ ሰርቨሩ ፕሮሰሰር ላይ ሲያስቸግር ከየት እንጀምር?

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ መስኮት ላይ ቆሞ ያልሰማ የለም። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ የምታውቀው ያንኑ ብቻ ነው። ምክንያቱን ማግኘት ያለበት የአይቲ ባለሙያው ነው። ዛሬ ከምክንያቶቹ አንዱን እናያለን፦ ሰርቨር ላይ ቨርቹዋላይዜሽን ከበራ በኋላ የሚመጣ የፕሮሰሰር ችግር። የአይቲ ተማሪ ከሆናችሁ ወይም ሥራ ገና ከጀመራችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት፣ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል።

ሲበራ ምን ይለወጣል?

ቨርቹዋላይዜሽን አንዱን ሰርቨር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒውተር ያሠራል። ይህን ፕሮሰሰሩ ራሱ እንዲደግፍ ኢንቴል ቪቲ ኤክስን በ2005፣ ኤኤምዲ ደግሞ ኤኤምዲ ቪን በ2006 አወጡ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ሃይፐር ቪ ሲጫን ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር ከዊንዶውሱ ሥር ይገባና ፕሮሰሰሩን ይረከባል። ግቢ ውስጥ እንዳለ ቤት አስቡት። ድሮ ዊንዶውሱ የግቢው ባለቤት ነበር። አሁን ባለቤቱ ሃይፐርቫይዘሩ ነው፣ ዊንዶውሱም ከተከራዮቹ አንዱ ሆኗል። ቁልፍ የያዘ ዋና ተከራይ ቢሆንም ያው ተከራይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ስለሚረሳ ነው።

1. ሃይፐርቫይዘሩ አልነሳ ሲል

መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ግቡ። ኢንቴል ከሆነ ቪቲ ኤክስ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤስቪኤም የሚለውን አብሩ። ሴቭ ካደረጋችሁ በኋላ ሪስታርት ብቻ አይበቃም፣ አንዳንድ ማሽን ለውጡን የሚቀበለው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሲነሳ ነው።

ሲስተም ኢንፎ የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡ «ሃይፐርቫይዘር ተገኝቷል» ብሎ የቀሩትን መስፈርቶች ካላሳያችሁ አትደንግጡ። ሃይፐርቫይዘሩ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ ኬቪኤም «በባዮስ ተዘግቷል» ካለ ደግሞ መፍትሔው እዚያው ባዮስ ውስጥ ነው።

2. ታስክ ማናጀር «ሰላም ነው» እያለ ሰዉ «ቀርፋፋ ነው» ሲል

ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ዋናው ዊንዶውስ ላይ ያለው ታስክ ማናጀር የሚያሳየው የዚያን ዊንዶውስ ድርሻ ብቻ ነው። እንደ ንዑስ ቆጣሪ ማለት ነው፣ የጎረቤቱን መብራት አይቆጥርም። ቨርቹዋል ማሽኖቹ ፕሮሰሰሩን ጨርሰውት እሱ 5 ፐርሰንት ሊል ይችላል።

ዋናው ቆጣሪ ያለው ፐርፎርማንስ ሞኒተር ውስጥ ነው። «ሃይፐር ቪ ሃይፐርቫይዘር ሎጂካል ፕሮሰሰር» የሚለውን ክፈቱና «ቶታል ራን ታይም» የሚለውን ፐርሰንት እዩ። ይህ ቁጥር ለረጅም ጊዜ 90 አካባቢ ከቆየ ሰርቨሩ በእርግጥ ተጨናንቋል። ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ችግሩን ዲስክ፣ ሜሞሪ ወይም ኔትወርክ ላይ ፈልጉ።

3. ኮር በጨመሩ ቁጥር ሲብስ

ቨርቹዋል ማሽን ሲዘገይ የብዙዎች የመጀመሪያ ሐሳብ «ኮር ጨምርለት» ነው። ሰርቨሩ ያለው 16 ኮር ሆኖ ለማሽኖቹ በድምሩ 60 ብትሰጡ ግን ኮር አልፈጠራችሁም፣ ወረፋውን ነው ያስረዘማችሁት።

የወረፋው መለኪያ እንደየቤቱ ይለያያል። ሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ቶፕ የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡ «ኤስቲ» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ማሽኑ ተራ ሲጠብቅ ያለፈውን ጊዜ ያሳያል። ቪኤምዌር ላይ «ሲፒዩ ሬዲ» ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሥራ ከሌላቸው ማሽኖች ኮር ቀንሱ። መቀነስ ፍጥነት ሲጨምር በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የፓወር ፕላኑንም እዩት። ዊንዶውስ ሰርቨር ሲጫን «ባላንስድ» ላይ ነው የሚሆነው። ከባድ ሥራ ያለበት ሰርቨር ላይ ወደ «ሃይ ፐርፎርማንስ» ለውጣችሁ ልዩነቱን ለኩ።

4. ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ

እዚህ ላይ የታወቀ ታሪክ አለ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር 2 ሃይፐር ቪ ተጭኖበት፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ኔሃለም የሚባለው የኢንቴል ትውልድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ዚዮን 5500፣ ሰርቨሩ በ101 የስህተት ኮድ ድንገት ይወድቅ ነበር። ፕሮሰሰሩ አልተቃጠለም። ጣጣው ሃይፐርቫይዘሩ ከፕሮሰሰሩ ሳይጠበቅ የሚመጣለትን ምልክት በአግባቡ አለማስተናገዱ ነበር። ማይክሮሶፍት ማስተካከያ አወጣ። እስከዚያው ባዮስ ውስጥ ሲ ስቴት የሚባለውን የኃይል ቁጠባ መዝጋት ያስታግሰው ነበር።

ትምህርቱ ዛሬም ይሠራል። ቨርቹዋላይዜሽን ካበራችሁ በኋላ ሰርቨር መውደቅ ከጀመረ ፕሮሰሰር ከመቀየራችሁ በፊት የባዮስና የዊንዶውስ አፕዴት አስገቡ፣ የኃይል ቁጠባውንም ፈትሹ።

5. ማሽኑ ወደ ሌላ ሰርቨር አልሄድም ሲል

ሃይፐር ቪ ላይ እየሠራ ያለን ቨርቹዋል ማሽን ከኢንቴል ወደ ኤኤምዲ ማዛወር አይቻልም፣ ማጥፋት ግድ ነው። ሁለቱም ኢንቴል ሆነው አንዱ አሮጌ ከሆነ ማሽኑን አጥፉና ፕሮሰሰር ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን አብሩለት።

በላፕቶፕ ለምትለማመዱ

ቨርቹዋል ቦክስ ተንቀራፎ ከታች በኩል የኤሊ ምልክት ካሳያችሁ ሃይፐር ቪ ቀድሞ ፕሮሰሰሩን ይዞታል ማለት ነው። ሁለት ባለቤት ለአንድ ግቢ አይሆንም። ሃይፐር ቪን አጥፍታችሁ ሪስታርት አድርጉ።

ከመንካታችሁ በፊት

ቨርቹዋላይዜሽን ያለበት ሰርቨር አንድ ብቻውን አይወድቅም። ሪስታርት ስታደርጉት ደሞዝ የሚሠራው፣ መዝገብ የሚይዘውና ኢሜይሉ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ባካፕ መኖሩን አረጋግጡ፣ ለተጠቃሚው ቀድማችሁ ንገሩ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ የለወጣችሁትንም ጻፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

«አዲስ ሰርቨር ይገዛ» ብላችሁ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊትም የዋናውን ቆጣሪ ቁጥር ያዙ። አለቃችሁ «በምን አወቃችሁ?» ሲል የምታሳዩት እሱን ነው።

አይቲ ለሚማር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።