ዘፈን እንደ ብስክሌት ሲወዳደር

በኪነ ጥበብ ምሽታችን ላይ ግጥሞች በጭብጨባ ይመዘኑ ወይስ አይመዘኑ የሚለው ክርክር ባለፉት ሁለት ስብሰባዎች እስከ እኩለ ሌሊት አቆይቶናል። ገሚሶቻችን «ሕዝቡ ይፍረድ!» አልን። ገሚሶቻችን «ግጥም ምን በወጣው ነው እንደ ፈረስ የሚሽቀዳደመው?» ብለን ተቆጣን። በድምፅ ብልጫ ይወሰን ሲባል ደግሞ፣ በድምፅ ብልጫ መወሰኑ ራሱ ይገባል አይገባም በሚለው ተጣላን። እንዲህ ተፋጠን ሳለን ነው ከመካከላችን አንዱ፣ የሙዚቃ ታሪክ ማገላበጥ የሚወደው፣ የጣሊያኖቹን ካንታጂሮ ያነሣው። ታሪኩን አብረን አነበብነው። ክርክሩን ይዘጋልናል ብለን ነበር፤ አልዘጋልንም። ቢሆንም ለእናንተም ይድረስ ብለናል። (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አልፎ አልፎ የኛን ጨምረናል።)

ጂሮ ማለት ዙር ነው፤ ቃሉን ብስክሌት የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። ጣሊያንን ከ1909 ጀምሮ የሚያዞረው ጂሮ ዲታሊያ አለ፤ አስመራ ላይም በ1946 የኤርትራ ጂሮ ተጀምሯል። ኤዝዮ ራዳኤሊ የተባለ የትርዒት አዘጋጅ በ1962 (በ1954 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ እነሱ ዘንድ በጋ ነው) ከዚህ የብስክሌት ውድድር ላይ ሐሳቡን ወስዶ በብስክሌተኛው ፈንታ ዘፋኝ አስገባበት። ስሙንም ካንታጂሮ አለው፤ የዘፈን ዙር እንደማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በመኪና ተሰልፈው ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዛሉ። ማታ በስታዲየም ወይም በአደባባይ ይዘፍናሉ። ከዚያው ከተማ ሕዝብ የተውጣጡ ዳኞች ነጥብ ይሰጧቸዋል። በማግሥቱ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌሎች ዳኞች። ነጥቡ እየተደመረ ሄዶ፣ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ከሮም እምብዛም በማትርቀው፣ በማዕድን ውሃዋ በታወቀችው ፍዩጂ ይሆናል። ስመ ጥሮቹ በአንድ ምድብ፣ ጀማሪዎቹ በሌላ ምድብ ይወዳደሩ ነበር፤ በ1966 ደግሞ ባንዶች የራሳቸው ምድብ ነበራቸው።

እንዲህ ያለ ነገር በማንኛውም ዘመን አይፈጠርም። ጣሊያን በዚያን ጊዜ ገና ከጦርነቱ ድህነት ወጥታ ገንዘብ ማየት የጀመረችበት ወቅት ነው። ፊያት ሰይቼንቶን በ1955 አወጣ፤ አዎ፣ ያቺው አዲስ አበባ ላይ በታክሲነት ያረጀችው ሰይቼንቶ ናት። ቺንኮቼንቶ በ1957 ተከተለች። ከሚላኖ እስከ ናፖሊ የሚወስደው ታላቅ አውራ ጎዳና በ1964 ተሠርቶ አለቀ። ሠራተኛው መኪና ገዛ፣ ልጁ ሸክላ ገዛ፣ በየቡና ቤቱ ሳንቲም የሚውጥ የሙዚቃ ሣጥን ቆመ። መንገዱ አለ፣ መኪናው አለ፣ ሸክላው አለ፤ ራዳኤሊ ሦስቱን አንድ ላይ አሰራቸው። ስለዚህ ካንታጂሮን የሥነ ጥበብ ልጅ ከማለት የአስፋልትና የሸክላ ነጋዴ ልጅ ማለቱ ሳይቀል አይቀርም።

የመንገዱ ኑሮ ግን ከንግዱ ሒሳብ በላይ ይስባል። ጠዋት ሰልፉ ይነሣል። ዘፋኙ መኪናው ላይ ሆኖ በየመንደሩ ያልፋል። መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ነው፤ አሮጊቱ ከነመቋሚያዋ፣ ልጁ አባቱ ትከሻ ላይ። በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቁትን ፊት በክንድ ርቀት ያዩታል፤ ያውም በነፃ። ስታዲየም ለመግባት ገንዘብ የሌለው ገበሬ እንኳ ከሰልፉ ድርሻውን ያገኛል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ትናንሽ ከተሞች ከዚያ በፊት ታዋቂ ዘፋኝ በአደባባያቸው አልፎ አያውቅም።

ለዘፋኙስ? ብስክሌተኛ ቀን ደክሞ ማታ ይተኛል። ዘፋኙ ግን ቀን ይታያል፣ ማታ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ በሐምሌ ፀሐይ ፈገግ ሲልና እጁን ሲያወዛውዝ ውሎ፣ ጉሮሮው አቧራ እንደጠጣ መድረክ ይወጣል። ደግሞም የሚወዳደርበት ያው አንድ ዘፈን ነው። ትናንት የዘፈነውን ዛሬ፣ ዛሬ የዘፈነውን ነገ። ትናንት የበለጠውና ያነሰው ሰው ከፊቱና ከኋላው መኪና ላይ ነው፤ ተፎካካሪውን ለሳምንታት አይሸሸውም። እኛ አንድ ግጥም ለአንድ ምሽት አንብበን እንቅልፍ የምናጣ ሰዎች፣ ይህን ስናስብ ላብ ላብ ይለናል።

ታዲያ ማን አሸነፈ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከነከነን። የመጀመሪያው አሸናፊ አድርያኖ ቼለንታኖ ነው። ያሸነፈበት «ስታይ ሎንታና ዳ ሜ»፣ «ከኔ ራቂ» እንደማለት፣ አሜሪካዊው በርት ባካራክ በዜማ ደራሲነት የተሳተፈበት የእንግሊዝኛ ዘፈን የጣሊያንኛ ግጥም ተሰፍቶለት የቀረበ ነው። በ1964 ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ጃኒ ሞራንዲ «ኢን ጂኖክዮ ዳ ቴ» በሚለው አሸነፈ፤ ደራሲዎቹ ሚልያቺና ዛምብሪኒ የተባሉ ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ በዚያው ዓመት በዘፈኑ ርዕስ ፊልም ተሠራ። በ1966 ከባንዶቹ ምድብ ያሸነፈው ኤኪፕ 84 ዘፈኑን ያገኘው ከካናዳዊቷ ሲልቪያ ፍሪከር ነው። በ1968 ያሸነፈችው ካተሪና ካዜሊ የዘፈነችውም ከቤልፋስቱ ልጅ ከዴቪድ ማክዊልያምስ የተወሰደ ነው። ሁሉም መልካም ዘፋኞች ናቸው፤ አንክድም። ግን ልብ በሉ፤ መንገዱ የሸለመው ዘፈኑን የወለደውን ሳይሆን ተሸክሞ የዞረውን ነው።

በዚያው ጊዜ ጣሊያን ውስጥ ሌላ ዓይነት ሰው ብቅ ብሏል። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ደርሶ ራሱ የሚዘፍን፤ ከ1960 አካባቢ ጀምሮ «ካንታውቶሬ» ይሉት ጀመር፤ ዘፋኝ-ደራሲ ማለት ነው። «አዲስ ስም ለምን አስፈለገ፣ አዝማሪ አይሉትም ነበር?» አለ ከመካከላችን የጎንደሩ ልጅ። ሳቅን፤ ቆይተን ግን ነገሩ ቁም ነገር ሆነ። አዝማሪም እኮ በየምሽቱ ይዳኛል። ሽልማቱ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፤ ያልወደደው ፊቱን ያዞርበታል። ልዩነቱ፣ አዝማሪ ዳኛውን መልሶ ይዳኘዋል። ለቆንቋናው ወዲያውኑ ስንኝ ይወረውርለታል፤ ቤቱ ይስቃል፤ ፍርዱ ይገለበጣል። የካንታጂሮው ተወዳዳሪ ግን ዘፈኑ አንዴ ሸክላ ላይ ታትሟል። አንዲት ቃል አይለውጥም። ነጥቡን ተቀብሎ መኪናው ላይ ይወጣል።

እነዚህ ዘፋኝ-ደራሲዎች ዳኛ ፊት ሲቀርቡ ምን እንደገጠማቸው በይበልጥ የሚታየው በካንታጂሮ ታላቅ ወንድም፣ በሳንሬሞ ነው። ሳንሬሞ በ1951 የተጀመረ፣ የማይንቀሳቀስ፣ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ የሚደረግ የዘፈን ውድድር ነው። ያው ቼለንታኖ፣ በሰው ዜማ ካንታጂሮን ያሸነፈው፣ በ1966 የተወለደበትን የሚላኖ መንገድ የሚያነሣውንና በዜማው ድርሰት ራሱ ያለበትን «የግሉክ መንገድ ልጅ» ይዞ ሳንሬሞ ቀረበ። ሣሩ ስለጠፋበት፣ ሲሚንቶ ስለተተካበት ሰፈር ነው። ገና በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። ዛሬ ከዚያ ዓመት ውድድር ምን ታስታውሳላችሁ ቢባሉ፣ ብዙ ጣሊያኖች የሚጠሩት ይህንኑ የወደቀውን ነው።

በማግሥቱ ዓመት የሆነው ግን እንዲህ በቀላሉ አይነገርም። ሉዊጂ ቴንኮ «ቻው አሞሬ፣ ቻው» የተሰኘ የራሱን ዘፈን ይዞ ቀረበ። እርሻውን ትቶ፣ ፍቅሩን ትቶ ወደማያውቀው ከተማ የሚሄድ ወጣት ነው፤ ከገጠር ለመጣን ለኛ ማስረዳት አያሻም። ያኔ አንዱን ዘፈን ሁለት ዘፋኞች በየተራ ያቀርቡት ስለነበር ዳሊዳም ዘፈነችው። ዳኞቹ ጣሉት፤ ከወደቁት መካከል አንዱን የማንሣት ሥልጣን የነበረው ኮሚቴም ሌላ መረጠ። በጥር 18 ለ19 ቀን 1959 ዓ.ም. (በ1967) ሌሊት ቴንኮ በሆቴል ክፍሉ ሞቶ ተገኘ፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። በተወው ማስታወሻ ላይ «እኔ፣ አንተና ጽጌረዳዎቹ» የሚል ዘፈን ለመጨረሻ ያበቃውን ሕዝብና የኮሚቴውን ምርጫ ተቃውሟል። ከብዙ ዓመት በኋላ ምርመራው እንደገና ተከፍቶ ራሱን እንዳጠፋ ተረጋግጦ ተዘጋ። ውድድሩ በማግሥቱ ቀጠለ።

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። «ውድድር ሰው ገደለ» ብለን አንጽፍም፤ የአንድ ሰው ሞት በአንድ ምክንያት አይፈታም፤ እንዲያ ማለት ለሟቹም ክብር አይደለም። የምንለው ይሄን ብቻ ነው። የሰው ዘፈን ይዞ የወደቀ ዘፈኑን ይጥላል፤ የራሱን ይዞ የወደቀ ምኑን ይጥላል?

«ታዲያ ሕዝብ ማለት ደንቆሮ ነው ልትሉን ነው?» ብሎ የ«ሕዝቡ ይፍረድ» ወገን ተነሣብን። አይደለም፤ ማስረጃው ሉቾ ባቲስቲ ነው። ዜማውን ራሱ ይደርሳል፣ ግጥሙን ጓደኛው ሞጎል ይጽፍለታል። በ1969 «አኳ አዙራ፣ አኳ ክያራ» በሚለው ዘፈኑ ካንታጂሮ ዞረ፤ በዚያው በጋ በዚያው ዘፈን ፌስቲቫልባር የተባለውን ሌላ ውድድር አሸነፈ። ይሄኛው ውድድር ደግሞ ያኔ አሸናፊውን ይለይ የነበረው በየቡና ቤቱ የሙዚቃ ሣጥን ውስጥ ዘፈኑ ስንት ጊዜ እንደተጫወተ ተቆጥሮ ነው፤ ሳንቲም የከተተ ሁሉ ዳኛ ነበር። ሕዝቡ አላፈረበትም፤ በደንብ ሰምቶታል።

ግን የዚህን ሰው ቀሪ ታሪክ ተመልከቱ። በ1970 በጋ ባቲስቲና ሞጎል ከሚላኖ ተነሥተው ሮም ድረስ በፈረስ ሄዱ። በዚያ አውራ ጎዳና ዘመን፣ ሰልፈኛው መኪና በሚሮጥበት አገር፣ በፈረስ! በዚያው ዓመት ባንድ ይዞ የሙዚቃ ጉዞ አደረገ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቆይቶ መድረክ ላይ መውጣቱን ጨርሶ ተወ። በ1998 እስኪሞት ድረስ በሸክላ እንጂ በአካል ለሕዝብ አልዘፈነም። ያሸነፈውም ሸሸ ማለት ነው።

ካንታጂሮ ራሱ የተሰበረው ሰኔ 28 ቀን 1963 ዓ.ም. (ጁላይ 5፣ 1971) ሚላኖ ውስጥ ነው። ቦታው ቪጎሬሊ፣ የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ መሆኑ ያስደንቃል። አዘጋጆቹ የእንግሊዙን ሌድ ዜፕሊን በእንግድነት ጠሩ። የመጣው ወጣት የመጣው ለእንግዳው ነው፤ ተወዳዳሪዎቹን መስማት አልፈለገም። ከሰባት ዓመት በፊት በነጥብ ያነገሠው ሞራንዲ በፉጨትና በጩኸት ተባረረ። ፖሊስ አስለቃሽ ጢስ ተኮሰ፤ ሌድ ዜፕሊንም ጢሱ መሐል ጥቂት ተጫውተው አቋረጡ፤ ዳግመኛም ጣሊያን ውስጥ አልተጫወቱም። ያ ወጣት ምርጫ ወረቀት አልተሰጠውም ነበር፤ ድምፁን የሰጠው በሌላ መንገድ ነው። ካንታጂሮ ከ1972 በኋላ ተቋረጠ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ደጋግሞ ቢነሣም የቀድሞውን መንገድ ዳር ሕዝብ አላገኘም።

ጥቂት የቀረን አንድ አበባ ነጋዴ ነው። አሚልካሬ ራምባልዲ የሳንሬሞ ሰው ነው፤ ከጦርነቱ ማግሥት በከተማይቱ የዘፈን ፌስቲቫል ይደረግ ብለው ሐሳብ ካቀረቡት አንዱ እሱ ነበር። በ1972 በዚያችው ከተማ የቴንኮ ክበብን አቋቋመ። ከ1974 ጀምሮ ዘፋኝ-ደራሲዎች እየተጠሩ የሚዘፍኑበት ጉባኤ ተደረገ። ውድድር የለም፤ አንደኛና ሁለተኛ የለም፤ ለሥራቸው ክብር የሚሰጣቸው ሰዎች ቀድመው ተመርጠው ይጠራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ አብረው ይበላሉ። «በቃ፣ መልሱ ይሄው!» አልን ገሚሶቻችን፤ መዝገቡን ልንዘጋ ነበር።

ያ ሙዚቃ አገላባጭ ጓደኛችን ግን አንድ ገጽ ገለጠ። ከ1984 ጀምሮ ክበቡ በየዓመቱ ለምርጥ ሸክላዎች ሽልማት ይሰጣል። የሚመርጡት ጋዜጠኞች ናቸው። በድምፅ።

ስብሰባችን ለፊታችን ዓርብ ተቀጥሯል። የጎንደሩ ልጅ ያቀረበው ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ ጭብጨባው ይቆጠር፣ ግን ገጣሚው ከተቆጠረ በኋላ ላጨበጨቡትም ላላጨበጨቡትም በአራት ስንኝ የመመለስ መብት ይኑረው የሚል ነው። አራት ይብቃ ወይስ ስድስት በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።