የጎጃም ልጅነትና የተማሪ ደጅ

የኢዮቤልዩ መጽሐፍ የሚጻፈው ሕንፃው የተሠራበትን ዘመንና የሠሩትን ሰዎች ለማስታወስ ነው። ዳሩ ግን በሕንፃው ውስጥ የሚሰማው ዜማና የሚቀርበው ቅኔ ከየት እንደ መጣ ካልተነገረ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። የተወደዳችሁ የዚህ ደብር ካህናትና ምእመናን ሆይ፥ ዛሬ 50ኛውን ዓመት ስታከብሩ፥ በማኅሌት ቆመው ከሚያገለግሉት መካከል ብዙዎቹ በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ አንግተው፥ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ የተማሩ መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ስለዚህ እኔ ያደግሁበትን የጎጃምን አገርና የልጅነቴን ዘመን አንሥቼ፥ ይህ ትምህርት በምን ላይ ቆሞ እስከ ዛሬ እንደ ደረሰ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ። ነገሩን አስቀድሜ ባጭሩ ለመናገር፥ ነገሥታትና መኳንንት ለአድባራት የሰጡት መሬት ብዙ ረድቷል፤ የቅኔ ቤቱን ግን ከሁሉ በላይ ያቆመው የባላገሩ ደጅ ነው።

ጎጃም ዓባይ የከበበው አገር ነው። በሰከላ ከሚገኘው ከግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ውሃ ወደ ጣና ይገባል፤ ከጣናም ወጥቶ አገሩን በምሥራቅ፥ በደቡብና በምዕራብ ዞሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል። በመካከሉ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ቆሟል፤ ከእርሱም ሙጋ፥ ሱሃ፥ ጨሞጋ፥ ተምጫ፥ ብርና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ይወርዳሉ። የደጋው ሰው ገብስና ድንች፥ የወይና ደጋው ሰው ጤፍና ስንዴ ያመርታል። የአስተዳደሩ ስም በየዘመኑ ተለዋውጧል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጠቅላይ ግዛት፥ በደርግ ዘመን ክፍለ ሀገር ይባል ነበር፤ ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ ግን የሚበዛው ክፍል በአማራ ክልል ውስጥ በየዞኑ ተከፍሏል፥ መተከልም ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገብቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሽማግሌው አገርህ ወዴት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ዛሬም የሚመልሰው ጎጃም ብሎ ነው። እኔ የተወለድሁት ከጮቄ ግርጌ ባለች አንዲት መንደር በ1960 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የጎጃም ገበሬ ስለ እርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ያመፀበት፥ ርስቴ ሊለካብኝ ነው ብሎ የሠጋበት ዓመት ነበር።

በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የጎጃም ስም የተሰማው ስለ ዓባይ ምንጭ ነው። እስፓኛዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም.፥ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. ያንን ምንጭ ለማየት ብዙ ደክመው እስከ ግሽ ዓባይ ደርሰዋል። ከሸዋ፥ ከወሎ፥ ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው የሚመጡት ተማሪዎች ግን የሚፈልጉት ሌላ ምንጭ ነበር። ዋሸራና ጎንጅ፥ ከወሎው ዋድላ ጋር፥ ስማቸው የታወቀ የቅኔ ቤቶች ናቸው፤ ሁሉም የሚያስተምሩት አንድ ቅኔ ሲሆን በአገባቡና በዘረፋው መንገድ ይለያያሉ። ከእነርሱም ጋር ደብረ ኤልያስ፥ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም ይነሣሉ። በመርጡለ ማርያም እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን የተጠረበ ድንጋዩ ፍርስራሹ እንኳ ያስደንቃል። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተቀብተው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ መናገሻቸው መንቆረርም በታነጸችው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ደብረ ማርቆስ ተባለች። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የደረሱት ሐዲስ ዓለማየሁም በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው በአገሩ የቅኔ ቤቶች የተማሩ ነበሩ፤ የመጽሐፉም ቋንቋ የዚያ ትምህርት ፍሬ መሆኑ ለሚያስተውል ሰው የተገለጠ ነው።

ይህ የአድባራቱ ታሪክ ነው፤ የቤታችን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ቢመስልም የዚያ መሠረት ነበር። እናቴ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ለተማሪ የሚሆነውን ሳትለይ ሌማቱን አትከድንም ነበር። ማለዳ ወይም ወደ ማታ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ሲሰማ፥ የእኔ ሥራ ሮጦ ውሻውን መያዝ ነበር። እናቴም ቁራሹን በሁለት እጇ ይዛ ትወጣለች፤ የምትሰጠው ልጅ ከእኔ በሁለትና በሦስት ዓመት ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ አንተ ብላ አትጠራውም፥ አንቱ ትለው ነበር። በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ከእንጀራው ይልቅ ንፍሮ ወይም የተቀቀለ ድንች ይሰጣል፤ ያም ባልተገኘ ቀን «የዛሬን እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ይባላል፥ ተማሪውም መርቆ ያልፋል። ባዶ እጁን የሄደ ተማሪ የመረቀውን ምርቃት እናቴ ከሌላው ምርቃት ሁሉ አብልጣ ትፈራውና ታከብረው ነበር።

የቀረው ልጅነታችን በመስክ ነበር። ክረምት ገሣ ለብሰን ጥጃ እንጠብቃለን፤ ለቡሄ ጅራፍ እናጮኻለን፥ ሙልሙል እንቀበላለን፤ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ለቅመን ለየቤቱ እናድላለን፤ በገናም ዱላ ቆርጠን ሩር እንጋጫለን። አባቴ ሲያርስ ከኋላው እየሄድሁ ጓል እከሰክስ ነበር። ይህ ሁሉ ከትምህርት የሚያዘገይ ጨዋታ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በኋላ በቅኔ ቤት ያገለገለኝ ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ነው።

በ1972 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከቤት ወጥቼ ወደ ቅኔ ቤት ገባሁ። ጎጇችንን ከእንጨትና ከሣር ራሳችን ሠራን። ማታ ማታ የኔታ በየደረጃው ቅኔ ይዘርፋሉ፤ አስነጋሪው ምሥጢሩን ይፈታል፥ ግሡንና አገባቡን ያስረዳል። በማግሥቱ እያንዳንዱ ተማሪ ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥግ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለየኔታ ይነግራል፥ እርሳቸውም ያቀናሉ። ከሁለት ቤቱ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፥ በሦስት ቤቱ በዘአምላኪየ፥ በአምስት ቤቱ በዋዜማ፥ በስድስት ቤቱ በሥላሴ አልፎ፥ ወደ ስምንት ቤቱ ወደ መወድስ ለመድረስ ዓመታት ያስፈልጋል። ተማሪው መልካም ቅኔ ሲያመጣ የኔታ «ይበል» ይላሉ፤ ያችን አንዲት ቃል ለመስማት የሌሊቱ ብርድና የቀኑ ረኃብ ቀላል ይሆናል።

እንግዲህ ቅኔ ሰምና ወርቅ ያለው መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወርቁ የሃይማኖት ምሥጢር ነው፤ ሰሙ ግን ከሚታየው ኑሮ ይቀዳል። ከገጠር የመጣው ልጅ ሰሙን ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ሞፈርና ቀንበሩን፥ ዘርና አጨዳውን፥ የወንዙን ሙላት፥ የእረኛውን ዋሽንት፥ እንጀራ የሚሰጠውን እጅ ያውቃልና። የኔታም ሰሙ ያልተስማማለትን ተማሪ ብራናውን ተውና ወርደህ ገበሬውን ተመልከት ይሉት ነበር። ስለዚህ ባላገሩ ለቅኔ ቤቱ የሰጠው ቁራሽ ብቻ አልነበረም፤ ቅኔው የሚለብሰውንም ልብስ ሰጥቷል። ቁራሹን ለመቀበል በየመንደሩ መዞራችንም ራሱ ትምህርት ነበር፤ በዚያ ያየነው ኑሮ ሁሉ በማግሥቱ ሰም ይሆናልና። እኔ በቤታችን ውሻ እይዝ እንደ ነበረው ሁሉ፥ በሄድሁበት መንደር ሌላ ሕፃን ሮጦ ውሻውን ይይዝልኝ ነበር።

የዚህ ደጅ ጽናት የተፈተነው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ወሰነ። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ የያዘችው መሬት፥ ካህናትም በአገልግሎታቸው ይጠቀሙበት የነበረው በዚህ አለፈ። እኔ ያን ጊዜ የ7 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ተሰብስበው፥ እንግዲህ ማን ያስቀድሳል፥ ማንስ ያስተምራል እያሉ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ በአካባቢያችን ኑሮ የጸናባቸው አንዳንድ መምህራን ወደ ከተማ ሄዱ፥ ጣራው አፍስሶ ክዳን ያጣ ጉባኤ ቤትም ነበር። ነገር ግን በአምስተኛው ዓመት እኔ ወደ ቅኔ ቤት ስገባ ጉባኤው ሳይፈታ አገኘሁት። መሬቱ ሲወሰድ ደጁ አልተወሰደም ነበር። መሬት በአዋጅ ይሰጣል፥ በአዋጅም ይወሰዳል፤ እናት ከሌማቷ የምትለየውን ቁራሽ ግን ያዘዘው አዋጅ ስላልነበረ የሻረውም አዋጅ አልተገኘም።

ተማሪውም በአቅሙ ውለታ መላሽ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታውጆ ሽማግሌና ባልቴት ፊደል ሊቆጥሩ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ በእኛ መንደር የቆሎ ተማሪዎች እንጀራ ለሚሰጧቸው ሰዎች ማታ ማታ ሀሁን ሲያስጠኑ አይቻለሁ። የሚቀበለው ሰጪ፥ የሚሰጠውም ተቀባይ ሆነ።

ይህን የምጽፈው ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። በዚያ ኑሮ እከክና ተስቦ፥ ብርድና የውሻ ንክሻ ነበረበት፤ ከጓደኞቼም በሕመም ምክንያት ትምህርቱን ትተው የተመለሱ አሉ። ስለዚህ ልጆች እንደ እኛ ይራቡ የሚል ሰው ካለ አገሩን አያውቀውም። የምለው ይህ ነው፤ ያ ደጅ ዛሬ እየጠበበ ነው። የገጠሩ ኑሮ ተወድዷል፤ የከተማው ቤት በብረት በር ተዘግቷል፥ ዘበኛም ቆሞበታል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ጎጃምን አስጨንቋል። ተኩስ በሚሰማበት አገር ሕፃን አኩፋዳ ይዞ በማለዳ ከመንደር ወደ መንደር ሊዞር አይችልም። መሬቱ ቀርቶ ደጁም ከተዘጋ ጉባኤው የሚቆምበት ሦስተኛ ነገር የለውም።

እንግዲህ በዚህ ደብር የምንገኝ ሁላችን የዚያ ደጅ ባለ ዕዳዎች ነን። ዕዳውም በቃል ብቻ የሚከፈል አይደለም። ደብሩ በየዓመቱ ለአንድ የቅኔ ቤት ቀለብ ቢቆርጥ፥ ለመምህሩ ደመወዝ፥ ለተማሪዎቹም ንጹሕ ውሃ፥ ብርድ ልብስና መድኃኒት ቢያስብ፥ በገጠር ያለችው እናት ብቻዋን የተሸከመችውን ሸክም ይካፈላታል። ከመካከላችን ያሉት አረጋውያን መምህራንም ቅኔውን ከማን እንደ ተቀበሉ፥ መምህራቸውም ከማን እንደ ተቀበለ በሕይወት ሳሉ ቢነግሩንና በመዝገብ ቢጻፍ፥ ለሚመጣው ትውልድ ታላቅ ቅርስ ይሆናል። ከ50 ዓመት በኋላ በዚህ ደብር የሚቆመው ባለ ቅኔ ምናልባት ዛሬ በጮቄ ግርጌ ከአንዲት እናት ቁራሽ የሚቀበል፥ ወይም የሚሰጠው አጥቶ የሚመለስ ልጅ ነው። እግዚአብሔር አምላክ ለአገራችን ሰላምን፥ ለጉባኤ ቤቶቻችን ጽናትን ይስጥልን፤ ለእኛም ደጃችንን የምንከፍትበት ልብ ይስጠን፤ አሜን።