ውሃ የምታገላብጠው ልጅ

ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ሁሉ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚጋታቸው ስድስት ጥያቄዎች አሉ፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ዛሬ ለማወራችሁ ታሪክ አምስቱ መልስ አላቸው። «ማን» የምትለዋ ናት ግማሽ መልስ ብቻ ያላት።

ወሬው ስለ ኮራል ነው፤ ያውም ሳሎን ውስጥ በመስታወት ገንዳ ስለሚያድግ ኮራል። ምጽዋ ወይም ዳህላክ የዋኘ ሰው ኮራልን ያውቀዋል። ላላያችሁት ግን፣ ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰደ የራሱን ቤት የሚገነባ ለስላሳ ፍጡር። ዛሬ ኮራል ቤቱ የሚያሳድግ ሰው የጨው መለኪያ፣ ማሞቂያና ጠንካራ መብራት ያስፈልገዋል። የውሃው ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። ውሃው ሲተን ጨው ስለማይተን በየቀኑ ንጹሕ ውሃ ይጨመርለታል። ከሁሉም በላይ ግን ውሃውን ሌት ተቀን የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ያሻል። የቆመ ውሃ አየር ያጥረዋል፣ ኮራሉም ይታፈናል። (መብራት እንዳሻው በሚሄድበት ሰፈር ለምንኖር ሰዎች የሚመከር የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለም።)

ታዲያ ኤሌክትሪክ ቤት ውስጥ ባልገባበት ዘመን ይህን የሠራው ማን ነበር?

ዘመኑ 1846 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ። አና ቲን የምትባል እንግሊዛዊት እመቤት ቶርኪ ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ትሄዳለች። ባሏ የለንደኑ ዌስትሚንስተር አቢ ሹም ነበር፤ በእኛ አነጋገር ምክትል አለቃ እንበለው። እዚያ ያገኘቻቸው ትንንሽ ኮራሎች ልቧን ሰረቋት። በመርፌና ክር ትልቅ ስፖንጅ ላይ ሰፍታ፣ የባሕር ውሃ አስይዛ ለንደን ይዛቸው ገባች።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ለንደን ባሕር የለም። የያዘችው ውሃ ውስን ነው፣ በየጊዜው ካልታደሰ ደግሞ ኮራሎቹ ይሞታሉ። አና አንድ ዘዴ መጣላት፤ ያገለገለውን ውሃ ክፍት መስኮት ፊት ለፊት ከዕቃ ዕቃ ማገላበጥ። ትኩስ ሻይ ለማብረድ ከብርጭቆ ብርጭቆ እንደምንገለብጠው ማለት ነው፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ማብረድ ሳይሆን አየር ማስገባት ነው። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አርባ አምስት ደቂቃ። ውሃው እንደገና ሥራ ላይ ሊውል በተፈለገ ቁጥር።

አገላባጯ ግን አና አልነበረችም። በ1859 ባሳተመችው ጽሑፍ ራሷ እንደምትነግረን ሥራው አድካሚ ነበር፤ ደግነቱ ትንሽ ገረድ ነበረቻት፣ ልጅቷም እሷን ደስ ለማሰኘት የምትተጋ ከመሆኗም በላይ ነገሩን እንደ ጨዋታ ታየው ነበር። ስለ ልጅቷ የተጻፈው ይኸው ነው። ስም የለም፣ ዕድሜ የለም። «ጨዋታ» መሆኑንም የሰማነው ከአሠሪዋ ነው። ባልዲ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው፣ አርባ አምስት ደቂቃ ውሃ ማገላበጥ ምን ያህል ጨዋታ እንደሆነ ይፍረድ።

በዓመቱ፣ በ1847፣ አና የባሕር አረም አስመጥታ ከኮራሎቹ ጋር አኖረች። አረሙ ብርሃን ሲያገኝ ኦክስጅን ይሰጣልና የልጅቷ ክንድ አገዘው። ኮራሎቹ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ኖሩ፤ ተራቡም።

ለፍትሕ ያህል፣ የባሕር እንስሳን በመስታወት ገንዳ አኑሮ በማጥናት ከአና የቀደመች ሴት አለች። ልብስ ሰፊ የነበረችው ፈረንሳዊት ዣን ቪልፕሩ ፓወር በ1832 ሲሲሊ ላይ ይህንኑ ሠርታለች። በብዛት የሚጠራው ስም ግን የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ነው። በ1854 «ዘ አኳሪየም» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ እንግሊዝ አበደች። የመስታወት ግብር በ1845 ስለተነሣ ገንዳ ረክሶ ነበር፣ ባቡሩም ሰዉን ዳርቻ ድረስ ያደርሳል። መዶሻና ማሰሮ የያዘ ሁሉ ዐለቱን ወረረው። ልጁ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ ያ ዳርቻ እንዴት እንደተራቆተ፣ የአባቱም መጻሕፍት ለጥፋቱ በር እንደከፈቱ በሐዘን ጽፏል። አባትየው ይህን አስቦ አልጻፈም፤ ዳርቻው ግን ተራቁቷል።

የአና ኮራሎች የቀዝቃዛ ባሕር ነበሩ። የሞቃት ባሕሮቹ ግን ሌላ ጣጣ አላቸው፤ አብዛኞቹ ሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ስለሚሠሩላቸው፣ ብርሃን ካጡ ይራባሉ። እነሱን ቤት ውስጥ ማኖር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1961 የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ዘዴውን ገለጠ፤ ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለው ዐለት፣ ብርሃን፣ የአየር አረፋ። ዐለቱ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ያብላላሉ። በኋላ የበርሊን ሰዎች፣ በተለይ ዲትሪክ ሽቱበር፣ በዚህ ላይ ጠንካራ መብራት፣ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያና የኖራ ውሃ ጨመሩበት። አንዷን የኮራል ቅርንጫፍ ሰብሮ ማባዛትና ለጓደኛ ማካፈልም እየተለመደ መጣ፤ ጎረቤት ከጎረቤት የአበባ ቅርንጫፍ እንደሚለማመነው።

ይህ የሳሎን ጥበብ ዛሬ ለምን እንደሚያስፈልግ በሐምሌ 2023 ፍሎሪዳ ላይ ታይቷል። ባሕሩ ከመጠን በላይ ሞቀ፤ ማናቲ ቤይ በተባለ ጥልቀት በሌለው ሥፍራ ከ38 ዲግሪ በላይ ተለካ። ኮራሎቹ እየነጡ ሲሄዱ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩትን ከባሕር አውጥተው የብስ ላይ ወዳሉ ገንዳዎች አሸሹ። ከባሕር ወደ ገንዳ የሚደረገው ጉዞ፣ በጎስ ዘመን ዘረፋ የነበረው፣ እዚህ ማዳን ሆነ። ውሃውን የሚያገላብጠው አሁን ፓምፕ ነው፤ ፓምፑን የሚጠብቁት ግን ሰዎች ናቸው።