ያኒክ ኖአን ያነሱት እጆች

ጁን 5 ቀን 1983፣ ፓሪስ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የስዊድኑ ማትስ ቪላንደር የመለሳት የመጨረሻዋ ኳስ ከመስመር ውጭ ስታርፍ፣ ከመረቡ ወዲያ የነበረው ረጅሙ ወጣት በሮላን ጋሮስ የቴኒስ ሜዳ ቀይ አፈር ላይ በጉልበቱ ተንበረከከ። ወዲያው አንድ ጎልማሳ ከተመልካቹ መሐል ወደ ሜዳው ወርዶ አቀፈው፤ አባቱ ነበር። ፈረንሳዮች በገዛ ከተማቸው በሚካሄደው ታላቅ ውድድር የወንዶችን ዋንጫ ያገር ልጅ ሲያነሳ ካዩ 37 ዓመት አልፏቸው ነበር። የመጨረሻው ማርሴል በርናር ነው፤ እሱም በ1946፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት።

የ23 ዓመቱ ባለድል ያኒክ ኖአ ይባላል። የልጅነት ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ተረት ይነገራል፦ አንድ ታዋቂ ሰው አፍሪካ መጣ፣ ሜዳ ላይ አንድ ልጅ አየ፣ ልጁም ሻምፒዮን ሆነ። ይህ አተራረክ ልብ ይነካል፤ ግን ዋናውን ነገር ይዘልለዋል። ልጁን ያየው ሰው ማየትን ከየት ተማረ? ካየ በኋላስ ምን አደረገ? ስልኩን ያነሳለት ማን ነበር? ልጁን ተቀብሎ አልጋና ትምህርት ቤት የሰጠውስ? እነዚህ ጥያቄዎች ከተዘለሉ የኖአ ድል የዕድል ነገር ብቻ መስሎ ይቀራል።

ኖአ በሜይ 1960 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው ሴዳን ከተማ ተወለደ። አባቱ ዛካሪ ኖአ ካሜሩናዊ እግር ኳስ ተጫዋች ሲሆን፣ በ1961 ከሴዳን ክለብ ጋር የፈረንሳይን ዋንጫ አንስቷል። እናቱ ማሪ ክሌር ፈረንሳዊት መምህርት ነበረች። አባት በጉዳት ምክንያት ጫማውን ሲሰቅል ቤተሰቡ ወደ ካሜሩን ዋና ከተማ ወደ ያውንዴ ተመለሰ፤ ያኒክ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ወላጆቹ ቴኒስ ይወዱ ስለነበር እሱም ከሜዳው ዳር አደገ። ጥሩ ይጫወት ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ያውንዴ ውስጥ ጥሩ መጫወት የሚያደርሰው የክለቡ አጥር ድረስ ብቻ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ አሰልጣኝ የለም፣ የታዳጊዎች ውድድር የለም፣ ወደ ሌላ አገር የሚልክ ፌዴሬሽን የለም።

በ1971 መጀመሪያ ላይ አሜሪካዊው የቴኒስ ተጫዋች አርተር አሽ ከጓደኛው ከቻርሊ ፓሳሬል ጋር በአፍሪካ ጉብኝቱ ያውንዴ ደረሰ። አሽ ያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነበር። በ1968 የአሜሪካን ኦፕን፣ በ1970 ደግሞ የአውስትራሊያን ኦፕን አሸንፏል። የ1968ቱ ድል እስከ ዛሬ የሚያስገርም የሒሳብ ታሪክ አለው። አሽ በወቅቱ በአሜሪካ ጦር ውስጥ መኮንን ስለነበርና አማተርነቱን ስላልለቀቀ የሽልማት ገንዘብ መውሰድ አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ለአሸናፊው የተከፈለው የቀን አበል ብቻ፣ በቀን 20 ዶላር ሒሳብ በጠቅላላው 280 ዶላር ሲሆን፣ በፍጻሜው የተረታው ሆላንዳዊው ቶም ኦከር ግን 14,000 ዶላር ይዞ ሄደ። ቴኒስ ለባለሙያዎች በሩን የከፈተበት የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ዓይነት ጉድ ነበረው።

የአሽን ዓይን ለመረዳት ግን ወደ ልጅነቱ መመለስ ያስፈልጋል። በ1943 በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ተወለደ፤ ዘር ከዘር በሕግ በሚለይባት ከተማ። አባቱ ብሩክ ፊልድ የተባለ ለጥቁሮች ብቻ የተከለለ የመዝናኛ ሥፍራ ጠባቂ ስለነበሩ የቤተሰቡ ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ የቴኒስ ሜዳዎቹም ከደጁ። እናቱ የሞቱት የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ቀጭኑን ልጅ አይቶ ራኬት አያያዝ ያስተማረው ሮን ቻሪቲ የተባለ ወጣት ጥቁር ተጫዋች ሲሆን፣ ችሎታው ከእሱ አቅም በላይ መሆኑን ሲረዳ ወደ ሊንችበርግ ወሰደው፤ ወደ ዶክተር ሮበርት ዋልተር ጆንሰን ዘንድ።

እኚህ ሰው በስፖርት ታሪክ ከተሰጣቸው በላይ ሊከበሩ ይገባቸዋል። ሐኪም ነበሩ። በቤታቸው ግቢ የቴኒስ ሜዳ ሠርተው በየክረምቱ ጥቁር ልጆችን ሰብስበው ያበሉ፣ ያሳድሩ፣ ያሰለጥኑ ነበር። በ1957 ዊምብልደንን ያሸነፈችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሻምፒዮን አልቲያ ጊብሰን የእሳቸው እጅ ያረፈባት ናት። ልጆቹን ከጨዋታው ጋር ትዕግሥትንም ያስተምሯቸው ነበር። ከመስመር ጥቂት የወጣች ኳስ ሳይቀር እንደገባች ቆጥረው እንዲመልሱ፣ ከዳኛ ጋር ፈጽሞ እንዳይከራከሩ ያዝዟቸው ነበር፤ ነጮች በሚያዘጋጁት ውድድር ላይ ጥቁር ልጅ አንዴ ከተቆጣ ሁለተኛ እንደማይጋበዝ ያውቁ ነበርና። ዶክተር ጆንሰን ያረፉት በ1971 ነው፤ ተማሪያቸው ያውንዴ ላይ ለሌላ ልጅ እሳቸው ለእሱ ያደረጉለትን ባደረገበት በዚያው ዓመት።

እንግዲህ አሽ በያውንዴው ክለብ አሥራ አንደኛ ዓመቱን ለመድፈን ወራት ከቀሩት ልጅ ጋር ኳስ ሲቀባበል፣ የሚያየውን ነገር ከውስጥ ያውቀው ነበር። ሜዳ አጠገብ ያደገ፣ ከፊቱ መንገድ የሌለው ጥቁር ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ለልጁ የራሱን ራኬት ሰጠው። ኖአ በኋላ እንደተረከው በምስሉ ላይ ፈርሞ፣ ዊምብልደን ላይ እንደሚገናኙም ጻፈለት። ብዙ ታዋቂ ሰዎች እዚህ ላይ ያበቃሉ፤ ስጦታው ይሰጣል፣ ፎቶው ይነሳል፣ አውሮፕላኑ ይነሳል። አሽ ግን ፈረንሳይ ደወለ። የደወለውም በፈረንሳይ የቴኒስ ፌዴሬሽን ትልቅ ሥልጣን ለነበራቸው ለፊሊፕ ሻትሪየ ነው። እኔ የዚህን ታሪክ መዞሪያ የማየው ከራኬቱ ይልቅ በዚህ ስልክ ላይ ነው።

ሻትሪየ የቀድሞ ተጫዋችና የስፖርት ጋዜጠኛ ነበሩ፤ በኋላ የአገራቸውንም የዓለምንም ፌዴሬሽን መርተዋል፣ ቴኒስ በ1988 ወደ ኦሊምፒክ እንዲመለስ ከታገሉት ዋነኛው ናቸው። ያን ጊዜ ፈረንሳይ በሜዳዋ ድል የራቃት አገር ነበረች። በ1920ዎቹ መጨረሻ ዓለምን ያንበረከኩት፣ ‹ሙስኬተሮች› የተባሉት አራት ፈረንሳዊ ተጫዋቾች ካለፉ በኋላ የቀረው ስታዲየሙ ነው፤ ሮላን ጋሮስ ራሱ በ1928 የተሠራው እነሱ ያመጡትን የዴቪስ ዋንጫ፣ የአገራት ቡድኖች የሚፎካከሩበትን ዋንጫ፣ በአገር ቤት ለመከላከል ነበር። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ልጆችን ከትምህርታቸው ሳያፈናቅል የሚያሰለጥንበትን መንገድ ዘርግቶ ነበር። ጠዋት ቀለም፣ ከሰዓት ሜዳ፤ አዳሪ ቤቱም እዚያው። ያኒክ በዚያው በ1971 ከእናት አባቱ ተለይቶ በደቡብ ፈረንሳይ ወደምትገኘው ኒስ ተላከ።

ዋጋውን አሳንሶ ማየት ተገቢ አይደለም። የ11 ዓመት ልጅ ነው። ከያውንዴ ሙቀት፣ ከዘመድ አዝማድ ጫጫታ ወጥቶ ማታ በአዳሪ ቤት አልጋ ላይ ብቻውን ይተኛል። ካሜሩን ውስጥ የነጭ ልጅ፣ ፈረንሳይ ውስጥ የጥቁር ልጅ ተብሎ የሚታይ ክልስ ነው። የእነዚያ ዓመታት ናፍቆት ከባድ እንደነበር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ወላጆቹም ምርጫቸው ቀላል አልነበረም፤ ልጃቸውን እቅፋቸው ውስጥ ቢያስቀሩት ችሎታው አብሮ ይቀራል፣ ቢልኩት ልጅነቱን አያዩትም። ላኩት።

በ1977 ባለሙያ ተጫዋች ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በማኒላና በካልካታ የመጀመሪያዎቹን የነጠላ ዋንጫዎች ወሰደ። በዚያው በ1978 የያውንዴው ቀጠሮ ደረሰ፤ አሽና ኖአ በዊምብልደን ሣር ላይ ጎን ለጎን ቆመው በጥንድ ተጫወቱ።

ከዚያ የሚቀጥለው ግንኙነታቸው ግን የበለጠ ይመስጠኛል። ኖቬምበር 1982 ፈረንሳይ ከ1933 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዴቪስ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰች። ተጋጣሚዋ አሜሪካ፣ ቦታው ግሬኖብል። የአሜሪካ ቡድን አምበል ሆኖ ከሜዳው ዳር የተቀመጠው አርተር አሽ ነው፤ በልብ ሕመም ምክንያት ከሁለት ዓመት በፊት መጫወት አቁሟል። ከፊቱ የፈረንሳይን ተስፋ ተሸክሞ የሚሮጠው ደግሞ ያ ልጅ። ኖአ ከጆን ማኬንሮ ጋር ተገጠመ። የመጀመሪያውን ዙር 12 ለ 10 ተሸነፈ፤ ቀጣዮቹን ሁለት 6 ለ 1 እና 6 ለ 3 አሸንፎ መራ፤ ከዚያ ማኬንሮ የቀሩትን ሁለት ዙሮች ወስዶ ረታው። አሜሪካ ዋንጫውን 4 ለ 1 አነሳች። አሽ ሥራውን ሠራ፣ ለአገሩ አሸነፈ። ግን የዓለም ቁጥር አንዱን ሰው እስከ አምስተኛ ዙር ያስጨነቀውን ተጫዋች ያስገኘው ራሱ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል።

ከስድስት ወር በኋላ ሮላን ጋሮስ መጣ። የፓሪሱ ሜዳ በጡብ ዱቄት የተሸፈነ ነው፤ ኳሷ ነጥራ ስትነሳ ፍጥነቷ ይበርዳል፣ አጥቂው የመታውን ተከላካዩ ሮጦ ይደርስበታል። ስለዚህ በዚያ ዘመን በሜዳው ላይ የነገሡት ከኋላ መስመር ላይ ቆመው ያለመታከት ኳስ የሚመልሱት ተጫዋቾች ናቸው። ቪላንደር ከእነሱ አንዱ ነበር፤ በ1982 ገና በ17 ዓመቱ ዋንጫውን ያነሳው በዚህ ትዕግሥት ነው። ኖአ ደግሞ ተቃራኒው። በኃይል ሰርቭ መትቶ ወደ መረቡ የሚሮጥ፣ ኳስ መሬት ሳትነካ በአየር ላይ የሚመታ፣ ከራሱ በላይ የምታልፈውን ዘሎ የሚያወርድ። በሸክላ ሜዳ ላይ እንዲህ መጫወት ብዙዎች እብደት ይሉት ነበር።

ያን ጸደይ ግን እብደቱ ሠራ። በሩብ ፍጻሜው ኢቫን ሌንድልን በአራት ዙር አሸነፈ፤ የመጨረሻው ዙር 6 ለ 0 ነበር። በጠቅላላው ውድድር የተሸነፈውም አንድ ዙር ብቻ፣ እሱም በዚህ ጨዋታ። በግማሽ ፍጻሜው ታላቁን ጂሚ ኮነርስን አስወጥቶ የመጣውን የአገሩን ልጅ ክሪስቶፍ ሮዤ ቫስላንን ረታ። ለፍጻሜው ከቪላንደር ጋር ሲቀርብ ዕቅዱ የስዊድኑ ልጅ ከኋላ ቆሞ እንዲተነፍስ ጊዜ አለመስጠት ነበር። ዝቅ ብላ የምትሄድ ኳስ ይልክና ተከትሏት ወደ መረቡ ይመጣል፤ ቪላንደር በእያንዳንዱ ምት ጠባብ ቀዳዳ መፈለግ ግድ ሆነበት። 6 ለ 2፣ 7 ለ 5፣ 7 ለ 6። ኖአ በእጁ የያዘው ራኬት የእንጨት ነበር፤ ብረትና ግራፋይት ሜዳውን ከመውረሳቸው በፊት።

ከዋንጫው በኋላ የመጣው ዝና ለኖአ ደስታ ብቻ አልነበረም። ፓሪስ ውስጥ መንገድ መሄድ አቃተው። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ እስኪመጣበት ድረስ መጨነቁን ቆይቶ በግልጽ ተናግሯል፤ ማንነቱን የማይጠይቁት ሰዎች መሐል ለመኖርም ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በ1986 የዓለም ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ፤ ሌላ የግራንድ ስላም (የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች) የነጠላ ድል ግን አልተከተለም። ከ11 ዓመቱ ጀምሮ ተስፋ የተጫነበት ሰው በ23 ዓመቱ ያ ተስፋ ሲሞላ በቀጣዩ ቀን እንዴት እንደሚነሳ የሚነግረው አያገኝም፤ አዳሪ ቤቱም ይህን አላስተማረውም።

ሌላ ሙያ ግን አገኘ፤ ሌሎችን ማንሳት። በ1991 በአምበልነት የመራው የፈረንሳይ ቡድን ሊዮን ላይ እነ አጋሲንና ሳምፕራስን የያዘውን የአሜሪካ ቡድን 3 ለ 1 አሸንፎ ከ1932 ወዲህ የመጀመሪያውን የዴቪስ ዋንጫ አገኘ። በ1996 እና በ2017 ደገመው፤ በ1997 ደግሞ የሴቶቹን ቡድን ለድል አበቃ። አርተር አሽ የሊዮኑን ድል አይቷል። በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ በተሰጠው ደም በኤችአይቪ ተይዞ ነበርና ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1993 በ49 ዓመቱ አረፈ። ከኖአ ወዲህ እስካሁን የወንዶችን ነጠላ ዋንጫ በግራንድ ስላም ያነሳ ፈረንሳዊ የለም።

አንድ ጥያቄ ግን ከፈረንሳይ ውጭ ይቀራል፤ ለኛ ለአፍሪካውያን ከዋንጫው ቁጥር በላይ የሚመለከተን። ያ ስልክ የተደወለው ወደ ፓሪስ ነው፤ ያውንዴ ውስጥ የሚነሳ ስልክ ስላልነበረ። ካሜሩን ልጇን ሰጠች፣ ዋንጫው በሌላ ባንዲራ ተመዘገበ። ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳየችው ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ዣበር ናት። በሱስ ከተማ አድጋ በ12 ዓመቷ ለሥልጠና ወደ ቱኒስ፣ ወደ ኤል መንዛህ የስፖርት ትምህርት ቤት ገባች፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የገዛ አገሯ ቋንቋ፣ ቤተሰቧም ባገር ውስጥ ጉዞ የሚደርሱባት። በ2011 የሮላን ጋሮስን የታዳጊ ሴቶች ዋንጫ አሸነፈች። በ2022 የዓለም ሁለተኛ ሆነች፤ በዚያው ዓመት ዊምብልደንና የአሜሪካ ኦፕን ላይ፣ በ2023 እንደገና ዊምብልደን ላይ ለፍጻሜ ቀረበች። ሦስቱንም ተሸነፈች። ለሦስቱም ስትቀርብ አሰልጣኟ ኢሳም ጀላሊ፣ የአካል ብቃት አሰልጣኟ ደግሞ ባለቤቷ ካሪም ካሙን ነበሩ፤ ሁለቱም የቱኒዚያ ልጆች።