ቴታ ሞገድ

ቴታ ሞገድ በአንጎል ውስጥ በርካታ ነርቭ ሴሎች በኅብረት ሲሠሩ ከሚፈጠሩት የኤሌክትሪክ ምቶች አንዱ ነው። በአይጥ አንጎል በሰከንድ ከ4 እስከ 12 ጊዜ ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። ጎልቶ የሚታየው ለትውስታ ዋነኛ በሆነው ሂፖካምፐስ በተባለው ክፍል ነው። አይጧ ስትራመድ ወይም አዲስ ስፍራ ስትቃኝ ይበረታል፤ ቆማ ስትበላ ይደክማል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ጆን ኦኪፍና ጆናታን ዶስትሮቭስኪ በሂፖካምፐስ ውስጥ እንስሳው አንድ የተወሰነ ቦታ ሲደርስ የሚነቁ «የቦታ ሴሎችን» አገኙ። ኦኪፍ ለዚህ ሥራ በ2014 ከሜይ-ብሪትና ከኤድቫርድ ሞዘር ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የሞገዱ ድርሻ የታየው በ1993 ነው። ኦኪፍና ማይክል ሬስ እንዳሳዩት፣ አይጧ ወደ ሴሉ ቦታ ስትገባ ሴሉ የሚነቃው በሞገዱ ዑደት መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ወደ ፊት በሄደች መጠን ግን በየዑደቱ ቀደም እያለ ይመጣል። ሞገዱን እንደ ከበሮ ምት ብንወስደው፣ ሴሉ ከምቱ መቅደሙ ወይም መዘግየቱ አይጧ በዚያ ቦታ ውስጥ የት እንደደረሰች ይጠቁማል። በዚህም ምክንያት በአንድ ዑደት ውስጥ መጀመሪያ የታለፈው ቦታ ሴል፣ ቀጥሎ የአሁኑ፣ በመጨረሻም የሚመጣው ይነቃሉ። ሰከንዶች የሚፈጅ መንገድ በአንድ ስምንተኛ ሰከንድ ገደማ ይታጠፋል ማለት ነው። የነርቭ ሴሎች ግንኙነት የሚጠነክረው በጣም ተቀራርበው ተከታትለው ሲነቁ ስለሆነ፣ ይህ መታጠፍ መንገዱን ለማስታወስ ሳያግዝ አይቀርም።

ሞገዱ ግድ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ግን አከራካሪ ነው። በ1978 ጆናታን ዊንሰን ምቱን የሚመራውን ሴፕተም የተባለ ክፍል ሲጎዳ፣ አይጦቹ ቀድሞ የተማሩትን ቦታ ማግኘት ተሳናቸው። ሆኖም ሴፕተም ወደ ሂፖካምፐስ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካልም ስለሚልክ፣ ጥፋቱ የምቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በሌሊት ወፍ ደግሞ ቴታ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ እያለ የቦታ ሴሎቹ በደንብ ይሠራሉ።

በጥልቅ እንቅልፍ ቴታ ይጠፋና በሰከንድ ከ150 እስከ 250 ጊዜ የሚርገበገቡ አጫጭር ሞገዶች ይተኩታል። የቀኑ መንገድም በእነዚህ ጊዜ በፍጥነት ይደገማል። በ2009 በወጣ ጥናት እነዚህ ሞገዶች በተቋረጡባቸው አይጦች ላይ ምግብ ያለበትን ቦታ የመማር ችሎታ ቀንሷል።