የጣርማ በር መንገድ ለማን ተሠራ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ደብረ ሲና ከመውረዱ በፊት የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። ዋሻውን ከ1928ቱ ወረራ በኋላ ያስቆፈረው የፋሺስት ኢጣልያ አገዛዝ ነው፤ ዓላማውም ጦሩና ስንቁ ክረምት ከበጋ እንዲያልፍለት ነበር።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ኢጣልያ የሠራቸው መንገዶች ጠጋኝ አጥተው ተበላሹ። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ከሰጠው የመጀመሪያ ብድር 5 ሚሊዮን ዶላር ለኢትዮጵያ መንገዶች ጥገና ዋለ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ይህ ሁሉ «ዕድገት» ተባለ።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ ሲጠና «ዕድገቱ» ተፈተነ። የተራበው ገበሬ ከየገጠሩ ወርዶ በዚሁ ጎዳና ዳር ተኮለኮለ፤ መኪና እያስቆመ ለመነ። ያም ሆኖ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን ነበር። የተቋረጠው መንገዱ አልነበረም፤ የገበሬው የመግዛት አቅም ነበር።

እኛ መንገድ አይሠራ አንልም። ገደል ለገደል በእግሩ ለሚጓዘው ሰፊ ሕዝብ መንገድ ሕይወት ነው። ነገር ግን መንገድ የጫኑበትን ብቻ ያደርሳል፤ ማን ምን እንደሚጭን የሚወስነው የመሬትና የሥልጣን ጥያቄ ነው። ኪሎ ሜትር ስንቆጥር ይህን አንርሳ።